አንዱ ቆሞ ሌላው የሚያልፍበት ዜብራ

ወገኖቼ! በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዲሲ መሪ ጨብጣችሁ ልጅ የምታሳድጉ፣ የቤት ኪራይ የምትከፍሉ፣ አገር ቤት ያለ ዘመድ የምትረዱ ሁሉ፣ ዛሬ የምናገረው ለእናንተ ነው። ለራሴም ነው። በዚህ አገር አሥራ ስምንት ዓመት ነድቻለሁ፤ መጀመሪያ ታክሲ፣ በኋላ ኡበር። «አንድም ሰው ገጭቼ አላውቅም» እያልኩ ስኮራ ኖሬያለሁ። ከአደጋ የጠበቀኝ ጥንቃቄዬ ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ ባለፈው ጥቅምት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ተሳፋሪ አውርጄ ባዶዬን እየተመለስኩ ነው። መንገዱ በየአቅጣጫው ሁለት ሁለት ሌን አለው፤ መኪናው ሁሉ ይበርበታል። ከዛፎቹ መሐል የእግረኛና የብስክሌት ትሬል ብቅ ይልና አስፋልቱን ያቋርጣል። ዜብራ ተሠምሯል፣ ዳር ላይ ቢጫ ምልክት ተተክሏል፣ ሌላ ነገር የለም። በቀኝ በኩል አንዲት እናት ነጠላቸውን በጃኬታቸው ላይ ደርበው፣ ነጭ ስኒከር ተጫምተው ቆመዋል። የእኛ ሰው መሆናቸውን ገና ከሩቅ አወቅሁ፤ ሆዴ ባባ። በቀኙ ሌን ነበርኩና ፍሬን ይዤ ቆምኩላቸው። በእጄም «ይለፉ እማማ» አልኳቸው። ጎንበስ ብለው እጅ ነሱኝና ገቡ።

ስፖኪዮዬን አላየሁም። ከጎኔ ያለውን ሌን አላየሁም። ከመኪናዬ ፊት አልፈው ወደ ሁለተኛው ሌን ሊገቡ አንድ እርምጃ ሲቀራቸው፣ ከኋላዬ የመጣ ነጭ ቫን በግራዬ በኩል ሽው ብሎ አለፈ። ፍሬን አልነካም። ሹፌሩ ያየው የእኔን መኪና ብቻ ነው፤ እሳቸውን ከዓይኑ የጋረድኳቸው እኔ ነኝ። የነጠላቸው ጫፍ በንፋሱ ተነሥቶ ፊታቸው ላይ ተለጠፈ። አንድ እርምጃ! ቀኝ እግራቸውን ትንሽ የሚያማቸው ባይሆን ኖሮ፣ ትንሽ ፈጠን ብለው ቢራመዱ ኖሮ፣ ቀሪውን እናንተው ጨርሱት።

ወርጄ እጃቸውን ይዤ አሻገርኳቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ የእኔም። ማዶ ደርሰን ትንፋሽ ሲያገኙ «ልጄ፣ ይለፉ ስትለኝ እኮ መንገዱ በሙሉ የቆመ መስሎኝ ነው» አሉኝ። ወቀሳ አልነበረበትም አነጋገራቸው። እኔን የጎዳኝም እሱ ነው።

ወገኖቼ፣ ያች ቃል የእናንተንም ሆድ ትንካ። እኛ ሹፌሮች እጃችንን ስናሳይ «እኔ ቆሜያለሁ» ማለታችን ነው። አሮጊቷ፣ ሕፃኑ፣ ጋሪ የምትገፋው ወጣት ግን «መንገዱ ቆሟል» ብለው ነው የሚሰሙት። የሁለተኛው ሌን ሹፌር ምን እንደሚያደርግ አናውቅም፤ በማናውቀው ነገር ላይ ሰው እየላክን ነው። ይኼንን ደግሞ ከክፋት አናደርገውም፤ ከደግነት ነው የምናደርገው። እናንተን የምገሥጸው ስለ ክፋታችሁ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር።

ነገሩ ከየት እንደመጣ አስቡት። ያደግነው እግረኛ እጁን አንሥቶ ሹፌሩን እየለመነ በሚሻገርበት ከተማ ነው። የቆመ ሹፌር ውለታ የዋለ ሰው ነው፤ እግረኛውም ያመሰግነዋል። ያንን ልማድ ይዘን ነው እዚህ መንጃ ፈቃድ ያወጣነው። እዚህ አገር ግን ዜብራ ላይ መቆም ስጦታ አይደለም፣ ግዴታ ነው። በሜሪላንድ ሕግ እግረኛው በአንተ በኩል ባለው የመንገዱ ግማሽ ከገባ፣ ወይም ከሌላው ግማሽ መጥቶ ወደ አንተ አንድ ሌን ከቀረው፣ መቆም አለብህ። ዜብራ ላይ ለእግረኛ የቆመን መኪና ቀድሞ ማለፍም ክልክል ነው። ቨርጂኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ሕጉን አጥብቃዋለች፤ ሹፌር «ቅድሚያ ይስጥ» ይል የነበረውን «ይቁም» አለችው። ከኋላም ሆነ ከጎን ሌን የሚመጣ መኪና ለእግረኛ የቆመውን መኪና እንዳይቀድም በግልጽ ተጽፎበታል። የነጩ ቫን ሹፌር ሕግ ጥሷል። ስንቶቻችን ያ ቫን ሆነን እናውቃለን? ከፊታችን አንድ መኪና ያለምክንያት የቆመ ሲመስለን፣ ፍሬቻ አሳይተን «ይኼ ደግሞ ምን ሆኖ ነው» እያልን የምናልፈው ስንቴ ነው? በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት መሪ ላይ የሚውል ሰው ይኼንን ሳያደርግ ዓመት ይሞላዋል ብዬ አላምንም።

ስለዚህ ከእንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ከዜብራው ራቅ ብላችሁ ቁሙ። አፍንጫችሁን መስመሩ ላይ አትደቅኑ፤ ሁለት የመኪና ርዝመት ያህል ወደ ኋላ ስትቀሩ የጎን ሌኑ ሹፌር እግረኛውን፣ እግረኛውም ሹፌሩን ያያል። በስፖኪዮ ኋላችሁን እዩ። የሚመጣ መኪና ካለ ድርብ ፍሬቻችሁን አብሩ። እጃችሁን ግን መሪው ላይ አቆዩት። ሰውየው ራሱ አይቶ፣ ራሱ ወስኖ ይሻገር። ቢያመሰግነን፣ ባያመሰግነን፣ ቀስ ቢል፣ ሐሳብ ቀይሮ ቢመለስ፣ ቆመን መጠበቅ ነው። ከኋላ ጡሩምባ የሚያንባርቅ አይጠፋም። ያንባርቅ።

እነዚህ ትሬሎች ለምን ከሌላው ማቋረጫ እንደሚከፉ ልንገራችሁ። ደብሊው ኤንድ ኦዲ የሚባለውን የቨርጂኒያ ትሬል ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከሸርሊንግተን ተነሥቶ በፎልስ ቸርች አድርጎ እስከ ፐርሰልቪል 45 ማይል ይሄዳል። ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር። ባቡሩ በ1968 ቆመ፣ መስመሩ ለእግረኛና ለብስክሌት ተለቀቀ። ባቡር ሲያልፍ መኪናው ሁሉ ይቆምለት ነበር፤ ዛሬ በዚያው መስመር የሚያልፉት ሕፃንና ሽማግሌ ሲሆኑ መኪናው አይቆምም። ትሬሉ ብዙ ቦታ መንገዱን የሚያቋርጠው መስቀለኛ በሌለበት፣ በመሐል ላይ ነው። ሹፌር እዚያ ሰው ይወጣል ብሎ አይጠብቅም። በበጋ ዛፉ ይጋርዳል፣ ጠዋትና ማታ ፀሐይ ዓይን ላይ ትደቀናለች።

የሚሄድበትስ ማነው? የእኛው እናቶችና አባቶች ናቸው። ሐኪሙ «ስኳርዎ ከፍ ብሏል፣ ግፊትዎም አለ፣ በየቀኑ ይራመዱ» ይላቸዋል። መኪና አይነዱም፣ ጂም አይሄዱም፣ ቋንቋው ያስቸግራቸዋል። አፓርታማው ጀርባ ያለችው ትሬል ብቻ ናት የእነሱ። ሁለት ሦስት ሆነው እያወጉ፣ አንዳንዴም መቁጠሪያቸውን ይዘው ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ። ከዓመታት የቤት ውስጥ ብቸኝነት በኋላ ያገኟት ደስታ ናት፤ እሷም በየማይሉ አንድ ገዳይ መንገድ ታቋርጣለች።

በሜሪላንድ፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ የሆነውን አስታውሱ። ማቲው ሄንሰን ትሬል ቪርስ ሚል ሮድን በሚያቋርጥበት አንድ ቦታ ላይ በ2015 እና በ2016 ሁለት ብስክሌተኞች ተገጭተው ሞቱ። አንድ ሞት ቢበቃ ኖሮ ሁለተኛው ባልተከተለ ነበር። መብራት የተተከለው ከዚያ በኋላ ነው። ቤቴስዳ አካባቢ ካፒታል ክሬሰንት ትሬል ሊትል ፎልስ ፓርክዌይን በሚያቋርጥበትም እንዲሁ፤ በ2016 ጥቅምት አካባቢ አንድ ብስክሌተኛ ሞተ፣ በ2017 መጀመሪያ በየአቅጣጫው ሁለት የነበረው ሌን ወደ አንድ ተቀነሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ሌን የመቀነሱን ነገር ልብ በሉልኝ፤ የእኔን ታሪክ የሚፈታው እሱ ነውና። በየአቅጣጫው አንድ ሌን ብቻ ካለ፣ እኔ ስቆም ከኋላዬ ያለውም ይቆማል። በግራዬ ሽው የሚልበት ቦታ የለውም። ያንን ነጭ ቫን ያቆመው የነበረው አንድ ባልዲ ቀለምና ጥቂት የፕላስቲክ ቋሚ ነው። ሌን ሲቀነስ ግን መጀመሪያ ያማረርነው እኛ ነን። «ትራፊኩን አበላሹት፣ ሥራችንን ሊገድሉ ነው» ስንባባል ሰምቻለሁ፤ እኔም ብያለሁ። ኪሳችን ሲነካ ምን ያህል እንደሚያንገበግበን አውቃለሁ፣ ነዳጁም ኪራዩም የራሴ ነው። ሆኖም ሁለት ደቂቃ ዘግይቶ መድረስና የሰው እናት መግደል በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ይኼንን ለማለት የተለየ ቃል አልፈልግለትም።

አሁን ስለ መብራቶቹ፣ ምክንያቱም አብዛኞቻችን አናውቃቸውም፤ አለማወቃችን ደግሞ እየፈጀን ነው። ቪርስ ሚል ላይ የተተከለው ዓይነት መብራት ከላይ ሁለት ቀይ፣ ከታች አንድ ቢጫ አለው። እግረኛ ካልተጫነው ጨለማ ሆኖ ይቆያል። ጨለማ መሆኑ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ሰው ከሌለ እለፉ፣ መሐል መንገድ ላይ ቀጥ አትበሉ። እግረኛው ቁልፉን ሲጫን ቢጫው ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ቀንሱ። ከዚያ ቢጫው ሳይቋረጥ ይበራል፤ ለመቆም ተዘጋጁ። ከዚያ ሁለቱም ቀዮች ይበራሉ፤ ቁሙ፣ በማንኛውም ምክንያት አትንቀሳቀሱ። በመጨረሻ ቀዮቹ እየተፈራረቁ ብልጭ ብልጭ ሲሉ ነገሩ የስቶፕ ምልክት ሆነ ማለት ነው፤ ሙሉ በሙሉ ቁሙ፣ ዜብራው ላይ ሰው እንደሌለ በሁሉም ሌን አረጋግጡ፣ ከዚያ ሂዱ። አሁንም እየተሻገረ ያለ ሽማግሌ ካለ አትንቀሳቀሱ። ብልጭ የሚለውን ቀይ «ተለቀቅን» ብሎ የሚተረጉም ሹፌር አጋጥሞኛል፤ ከፊቱ ሰው ገና መሐል ላይ ነበር።

ሌላው ደግሞ ከምልክቱ በታች የተገጠመ፣ ሲጫኑት ዓይን እስኪያጭበረብር በፍጥነት ብልጭ ብልጭ የሚል ቢጫ መብራት ነው። ይኼንን በተለይ ለእናቶችና ለአባቶች እናገራለሁ፤ ቢጫው መኪና አያቆምላችሁም። እዚህ ሰው አለ ብሎ ለሹፌሩ ይናገራል እንጂ ቀይ አይደለም። ተጫኑት፣ ግን ተጭናችሁ ዘው አትበሉ። የመጀመሪያው መኪና ጎማ መቆሙን እዩ። ከዚያ ግቡ፣ የቆመውን መኪና ፊት ጨርሳችሁ ከማለፋችሁ በፊት እዚያው ቁሙ፣ አንገታችሁን አውጥታችሁ ቀጣዩን ሌን እዩ። ባዶ ከሆነ ወይም ከቆመ ቀጥሉ። መሐል ላይ ከፍ ያለ ደሴት ካለ እረፉበት፤ ሌላውን አቅጣጫ እንደ አዲስ መንገድ ቁጠሩት። በእጁ «ይለፉ» የሚላችሁን ሹፌር አመስግኑት፣ ግን አትመኑት። እኔን ማመን ዋጋ ሊያስከፍል ነበር።

ስለ ፍጥነት አንዳንዶቻችሁ «ፍሬኔ ጥሩ ነው፣ እደርሳለሁ» ትላላችሁ። ቁጥሩን አብረን እንሥራው። በ40 ማይል የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 18 ሜትር ያህል ይሮጣል። ሰው አይታችሁ እግራችሁ ፍሬን እስኪደርስ አንድ ሰከንድ ተኩል ይሄዳል፤ መኪናዋ ገና ሳትቀንስ 27 ሜትር ሄደች። ከዚያ በደረቅ አስፋልት ለመቆም ከ20 ሜትር በላይ ትፈልጋለች። በድምሩ 50 ሜትር። በ25 ማይል ብትሄዱ ይኼ ሁሉ ወደ 26 ሜትር ይወርዳል። ዝናብ ካለ፣ ጎማው ካለቀ፣ ሁለቱም ይረዝማል። የአፑን ድምፅ ሰምታችሁ ስልኩን ሁለት ሰከንድ ካያችሁት ደግሞ ሌላ 36 ሜትር በጭፍን ነድታችኋል። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ከልክላለች፤ በሜሪላንድም ክልክል ነው። የተሰቀለው ስልክ ግን አልተከለከለም፣ እኛን የሚጎዳንም እሱ ነው፤ «15 ዶላር፣ 4 ማይል» የሚለውን ለመቀበል ዓይናችን የሚሄደው ልክ ዜብራው ጋ ስንደርስ ነው። ትሬል በሚያቋርጥበት አካባቢ የሚመጣ ጥሪ ይለፈን። ሌላ ይመጣል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ሲነገረን የማንወደው። ተሳፋሪ ለመጠበቅ ዜብራው አፍ ላይ ድርብ ፍሬቻ አብርተን የምንቆመው ነገር። አንድ ሚኒቫን እዚያ ሲቆም ከኋላው ያለችው የአምስት ዓመት ልጅ ለማንም አትታይም። ሃያ ሜትር ፈቀቅ በሉ፣ ተሳፋሪው ይራመድ፤ እግር አለው።

በብስክሌት የምትሄዱ ወጣቶች፣ እናንተንም አልተውኩም። ትሬሉ ላይ እየበረራችሁ መጥታችሁ ሳትቀንሱ ዜብራው ውስጥ ስትገቡ ሹፌር እናንተን የሚያይበት ጊዜ የለውም። ከመስመሩ በፊት ቀንሱ። በተለይ ኖቬምበር ሲገባ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይጨልማል። እናቶቻችን በዚያ ወቅት ጥቁር ካፖርት ደርበው፣ ነጠላዋን ከውስጥ አድርገው ይወጣሉ። ልጆቻቸው፣ የምታብረቀርቅ ሰደርያ በጥቂት ዶላር ይገኛል፤ ግዙላቸው። አልለብስም ካሉ ነጠላዋን ከላይ ያድርጓት፣ ነጭ ናትና ታድናለች።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በየራሳችን የምንሠራው ነው። ከዚያ የሚበልጥ አለ። መንገድ የሚለወጠው ስብሰባ ላይ ነው፤ እኛ ደግሞ ስብሰባ ላይ የለንም። ካውንቲው ስለ አንድ ማቋረጫ የሕዝብ አስተያየት ሲጠራ የሚመጡት ጥቂት ብስክሌት ወዳጆችና ሌኑ እንዳይነካ የሚፈልጉ ሹፌሮች ናቸው። መንገዱን በእግር የሚያቋርጡት የእኛ እናቶች በቃለ ጉባኤው ውስጥ የሉም። ሰርግና ለቅሶ ላይ በመቶ የምንሰበሰብ ሰዎች ለዚህ አሥር ሰው ማዋጣት እንዴት ያቅተናል? ለእድር የምትለግሱትን ግማሽ ሰዓት ለዚህ ስጡ። ቋንቋው ያስፈራኛል የምትሉ፣ በዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛን ከሚያገለግልባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል፤ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። በዲሲም በሞንትጎመሪም ወደ መንግሥት አገልግሎት ስልክ፣ ወደ 311 ደውላችሁ ማመልከት ትችላላችሁ።

ለማን እንደምትናገሩም እወቁ፤ በዚህ ጉዳይ ብዙ ቀን ይባክናል። በቨርጂኒያ፣ በፌርፋክስ ካውንቲ አብዛኛውን መንገድ የሚያስተዳድረው ክልሉ (ስቴቱ) እንጂ ካውንቲው አይደለም። አርሊንግተን ግን የአብዛኛው መንገዱ ባለቤት ራሱ ነው። በሜሪላንድ ቁጥር ያላቸው ትልልቅ መንገዶች የክልሉ ናቸው፤ ቪርስ ሚል ሮድ 586 ቁጥር ነው፣ የክልሉ ነው። ጥያቄያችሁም «አደጋ በዛ» ብቻ አይሁን። ከዜብራው ወደ ኋላ ራቅ ብሎ የመቆሚያ መስመር ይሠመርልን በሉ። መሐል ላይ ማረፊያ ደሴት ይሠራልን በሉ። ሌን ይቀነስ በሉ፣ ቀይ የሚያበራ መብራት ይተከል በሉ። ድልድይ መጠየቅም ሕልም አይደለም፤ በአርሊንግተን ደብሊው ኤንድ ኦዲ ላንግስተን ቡለቫርድን ያቋርጥ የነበረበት ቦታ ላይ በ2021 የእግረኛና የብስክሌት ድልድይ ተከፍቷል።

በዚህ ሳምንት የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። እናታችሁን ወይም ጎረቤት ያሉትን እማማ ይዛችሁ ለቤታችሁ ቅርብ ወደሆነው የትሬል ማቋረጫ ሂዱ። መኪናችሁን ራቅ አድርጋችሁ አቁሙና በእግር ሂዱ። በእሳቸው እርምጃ አብራችሁ ተሻገሩና ሰከንዱን ቁጠሩ። አራት ሌን ከሆነ፣ በእሳቸው አካሄድ አሥራ አምስት ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ በ40 ማይል የሚመጣ መኪና ከ260 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ሲጀምሩ ጭራሽ ያላያችሁት መኪና ሳይጨርሱ ይደርሳል ማለት ነው። ስንት መኪና ቆመ፣ ስንቱ የቆመውን ቀድሞ አለፈ፣ ቁልፉ ይሠራል ወይ፣ ዛፉ ጋርዷል ወይ፣ በስልካችሁ ጻፉት። የመንገዱን ስም፣ ሰዓቱን፣ ቀኑን ጨምሩበት። ሰኞ ጠዋት ደውሉና ያንን አንብቡላቸው፤ የአቤቱታችሁን ቁጥር ሳትቀበሉ ስልኩን አትዝጉ።